ለፀደንያ ዕድል የተላኩ ሽማግሌዎች

ብርቅነሽ ስትናደድ ዕቃ ታጥባለች። የቆሸሸ ዕቃ ካጣች የታጠበውን ከቁም ሳጥን አውጥታ ታጥባለች። ባሏ መዝገቡ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ለዚህ ነው የዚያን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ግራንድ ፕሬሪ ቤታቸው እንደገቡ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ቧንቧውን ስትከፍት ሲያይ፣ ቀስ ብሎ ወደ ጋራዡ ያመራው።

"ወዴት ትሸሻለህ?" አለችው ዞር ሳትል።

"የመኪናዋን ዘይት ልይላት ብዬ ነው።"

"ልጅህን በሰው ፊት ሲያዋርዳት አፍህን ይዘህ ቁጭ አልክ። አሁን ዘይት ልታይ ነው?"

መዝገቡ የጋራዡን በር ከፍቶ ወጣ። ኤርፖርት ሻትል ሲነዳ ውሎ የሚገባ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ የተናደደ ሰው ሲያመላልስ ስለሚውል፣ የተናደደ ሰው መልስ እንደማይፈልግ ገብቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ፀደንያ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ዳላስ ውስጥ የስኳር በሽታ ኩላሊትን እንዴት እንደሚጎዳ የሚያጠና ላቦራቶሪ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ሐኪም ብቻ መሆን አልፈለገችም፤ ተመራማሪ ብቻ መሆንም አልፈለገችም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስተምር፣ ስምንት ዓመት የሚፈጅ፣ የጨረሰውን ሰው ሁለት ጊዜ ዶክተር የሚያሰኝ ትምህርት አለ። ኤምዲ ፒኤችዲ ይሉታል። እሱን ነው ሙጭጭ ብላ የያዘችው። በየፕሮግራሙ የሚገቡት ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አሥራ ስድስት ቦታ አመለከተች፤ አሥራ አምስቱ ወይ እምቢ አሉ ወይ ዝም አሉ። አንዱ ግን፣ ያውም እዚሁ አጠገባቸው ያለው፣ ለኢንተርቪው ጠራት። ሄዳ ሁለት ቀን ስትጠየቅ ሰነበተች። አሁን መልስ እየጠበቀች ነው። ያ አንድ በር ከተዘጋ ዓመቱ ተበላ ማለት ነው።

ብርቅነሽ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ሰንበቴው ላይ ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ሲቀመጥ፣ ዶክተር ሕዝቅያስን ከጠረጴዛው ማዶ አየችው። ፍሪስኮ የሚኖር የልብ ሐኪም ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ይኮራበታል፣ ልጁ ሕክምና ሊማር የሚያስብ ወላጅ ሁሉ እሱን ሳያማክር አያመለክትም።

"ዶክተር፣ እስቲ ይንገሩን" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ሴቶቹ እንዲሰሙላት ፈልጋ ነው፤ ምን ይደበቃል። "የኛ ልጅ ለዚያ ለሁለቱ ዲግሪ ኢንተርቪው ተጠርታለች። ዕድሏን እንዴት ያዩታል?"

ዶክተሩ አፉን ጠረገና ፀደንያን ነጥቧን ጠየቃት። ፀደንያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቢሆንም ነገረችው፤ የሕክምና መግቢያ ፈተናው አምስት መቶ አሥራ ሁለት፣ የኮሌጁ ደግሞ ሦስት ነጥብ ስድስት።

"ሁለቱም ዝቅ ያለ ነው" አለ ዶክተሩ። "የሚገቡት ልጆች ከዚህ በላይ ናቸው። ዕድሏ ጠባብ ነው። እንዲያው ከአሥር አንድ ብል ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ፊዚሽያን አሲስታንት፣ የሐኪም ረዳትነቱን፣ ብትማር ይሻላታል፤ እሱ ቶሎ ያልቃል።"

ይህን ብሎ ወደ ሽሮው ተመለሰ። ብርቅነሽን ቆሽቷን ያሳረራት ከነገሩ ሁሉ በላይ ይኼ ነው። የሰው ልጅ ሕልም በአንድ ትንፋሽ ገድሎ ሽሮውን በላ። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ፤ አንዷ "አይዞሽ" አለቻት። ብርቅነሽ "አይዞሽ" ከሚሏት ቢሰድቧት ትመርጣለች።

መኪና ውስጥ ፀደንያ ከኋላ ወንበር ሆና ተናገረች። "ማሚ፣ ለምን ጠየቅሽው? ማለቴ፣ እኔ ጠይቂልኝ አላልኩም።"

"ሰውየው ክፉ መሆኑን በምን አውቄ?"

"ክፉ አይደለም። ቁጥሩን ነው የተናገረው። ሶ፣ ቁጥሩ ግን…" ብላ ጀመረችና ብርቅነሽ ስለ ሽሮው ማውራት ስትቀጥል ተወችው። ቤት ሲደርሱ ብቻ እንዲህ አለች፤ "ምንም ነገር አታድርጊ። ማንም ጋ አትደውዪ። ፕሮሚስ አድርጊ።"

ብርቅነሽም ፕሮሚስ አደረገች። ፕሮሚስ ማድረግ ምን ይከብዳታል።

ፕሮሚሱን ያፈረሰባት የዶክተሩ ሚስት ሳሮን ናት። በሚቀጥለው እሑድ ሳሮን እንደ ቀልድ ባሏን ስታማ፣ "ቤት ውሎ ያውቃል ብለሽ ነው? ከሐኪም ቤቱ ሲወጣ ኮሚቴ ነው። እነዚያን ሁለት ዲግሪ የሚማሩትን ልጆች የሚመርጡት እነሱ አይደሉ?" አለች። የፕሮግራሙንም ስም ጠራችው። ፀደንያን ለኢንተርቪው የጠራት ያው ፕሮግራም ነው።

የብርቅነሽ ደም ፈላ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። የገዛ ወገኗ፣ እናቱ የሞቱ ጊዜ ድንኳን ስታስተክልለት፣ ለቀስተኛ ስታስተናግድለት የሰነበተችለት ሰው፣ እዚያ በሩ ላይ ተቀምጦ ልጇን "አትገባም" ሊል ነው። እዚህ ሽሮ እየበላ እንዲህ ያለ፣ እዚያ ክራቫት አስሮ ምን ሊል ነው? ለሷ ነገሩ ያለቀለት ነበር። የቀረው መፍትሔው ብቻ ነው፤ መፍትሔውም አንድ ነው።

"ሽማግሌ እንልካለን" አለችው መዝገቡን።

"ምን?"

"ጆሮህ ደነቆረ? ሽማግሌ። ጋሼ ወልደ ሥላሴንና ሁለት ሰው ይዘህ ፍሪስኮ ትሄዳለህ።"

"ብርቄ፣ ይኼ አገር እንደዚያ አይደለም።"

"አገሩ ሌላ ይሁን፤ ሰውየው የኛ ሰው ነው። አንተ እኔን ያገኘኸኝ በምንድን ነው? አባቴ እምቢ ሲል ሦስት ጊዜ ተመላልሰው አይደለም እንዴ? በማመልከቻ ነው ያገባኸኝ?"

መዝገቡ ሳቀ። ይኼ ነው የሱ ጥፋት፤ መሳቅ ባልነበረበት ሰዓት ይስቃል፣ ከሳቀ በኋላ ደግሞ እምቢ ማለት አይችልም። ለፀደንያ እንንገራት ወይ ሲላት፣ "ሲሳካ ትሰማዋለች" አለችው።

ጋሼ ወልደ ሥላሴ ትልቅ ሰው ናቸው። ዳላስ ውስጥ ሊፋታ ሲል በሳቸው እጅ የታረቀ ባልና ሚስት፣ በድርሻ ተጣልቶ ሬስቶራንት ሊዘጋ ሲል የተስማማ ሸሪክ፣ ስንቱ ይቆጠራል። ፊታቸው እምቢ ብሎ የዘለቀ ሰው የለም። ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ በመዝገቡ መኪና ወደ ፍሪስኮ ነጎዱ። ብርቅነሽ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆማ ጠበቀች።

መዝገቡ ሲመለስ የሆነውን አንድ በአንድ ነገራት። ዶክተሩ በሩን ሲከፍት ሳቀላቸው፤ እንግዳ የመጣበት መስሎታል። ግቡ፣ ተቀመጡ ቢላቸው ጋሼ "ጉዳያችንን ሳንጨርስ አንቀመጥም" አሉት። ሳሮን ምግብ ብታቀርብ "እህል አንቀምስም" አሏት። ከዚያ ጋሼ ጉዳዩን አነሡት፤ ልጅቷ የኛ ልጅ ናት፣ የርስዎም ልጅ ናት፣ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ አይርሱብን። የዶክተሩ ፊት ጠቆረ። "አባቶቼ፣ ይኼ አይቻልም፤ ሕግ አለው፤ በዚህ ነገር ከኔ ጋር መነጋገር ራሱ ክልክል ነው" አለ። ጋሼም "ሕግ ሻሩ አላልንዎትም። ልጃችንን አይርሱ ነው ያልነው" ብለው ቆሙ። እሱም ቆመ። በሰማንያ ዓመታቸው እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ሳሎኑ መሐል ቆሙበት። የስንቱን ሰው ደጅ ያስከፈተ ሽማግሌ፣ አንድ ዶክተር ምን ያቅተዋል።

"በመጨረሻ፣ 'እሺ፣ ማድረግ ያለብኝን አደርጋለሁ' አለ" አላት መዝገቡ። "ጋሼ መረቁት። ተቀመጥን፣ በላን።"

"እሰይ" አለች ብርቅነሽ። "እሰይ፣ ይበለው።"

"እሱ ግን አልበላም" አለ መዝገቡ።

ብርቅነሽ ይህን አልሰማችም። ወይ ሰምታ እንዳልሰማ ሆናለች። ያን ቀን ማታ ዕቃዋን ሳታጥብ ተኛች።

ከዚያ ወዲያ ሳምንት አልሞላም። ፀደንያ በሥራ ቀን፣ ላብ ውስጥ መሆን በነበረባት ሰዓት፣ ቤት መጣች። ጃኬቷን አላወለቀችም። ስልኳን ይዛ ሳሎኑ መሐል ቆመች።

"ሽማግሌ ላካችሁ?" አለች።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ቢጮኹባት የምትመልሰውን የምታውቀው ብርቅነሽ፣ ቀስ ተብሎ ሲጠየቅ ምን እንደሚመለስ አታውቅም።

"ለኔ ትምህርት ሽማግሌ ላካችሁ? ልትድሩኝ ነው?"

"ማን ነገረሽ?"

"ፕሮግራሙ። ኮል አደረጉልኝ። ስላንቺ ጉዳይ አንድ የኮሚቴ አባል ቤት ሰዎች ሄደው አነጋግረውታል፣ ራሱ ሪፖርት አድርጓል፣ ከፋይልሽ ውሳኔ ራሱን አግልሏል አሉኝ። ታውቂ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ማሚ፣ እኔን! ታውቂ ነበር ወይ ብለው!"

"ሪፖርት አደረገ?" ብርቅነሽ ወደ መዝገቡ ዞረች። "እህሉን አብልቶ ሪፖርት አደረገ? ይሁዳ ማለት እሱ አይደለም?"

"ማድረግ ያለብኝን አደርጋለሁ ነው ያለው" አለ መዝገቡ ቀስ ብሎ። አሁን ነበር የገባው።

"ፕሮሚስ አድርገሽ ነበር" አለች ፀደንያ።

"ለማን ብዬ ነው ታዲያ? ለራሴ ብዬ ነው? ላንቺ ብዬ አይደለም?"

"ለኔ ከሆነ እኔን ጠይቂኝ! ዶክተሩን ጠየቅሽ፣ ሳሮንን ጠየቅሽ፣ ሽማግሌ ጠየቅሽ። እኔን አንድ ቀን ጠየቅሽኝ?"

ብርቅነሽ ለዚህ መልስ ነበራት፤ ለሁሉም ነገር መልስ አላት። ግን ልጅቷ ክፍሏ ገብታ ልብስ እያጠፈች ነበር። በዚያው ዕለት ጓደኛዋ ናኦሚ ጋ፣ አርሊንግተን፣ አፓርትመንት ገባች። ለአባቷ ትደውላለች። ለእናቷ አትደውልም።

መልሱ በመጋቢት መጣ። ለአባቷ ነው የጻፈችለት፤ "አልተቀበሉኝም። ለማሚ ንገራት" ይላል። መዝገቡ አነበበላት። ብርቅነሽ ያን ቀን ዕቃ አላጠበችም፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መዝገቡ ይኼን ጊዜ ነው የፈራው።

እሑድ ሲደርስ ቅዳሴው እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ፓርኪንጉ ላይ ቆማ ዶክተሩ ሲወጣ ያዘችው። ዘወትር "እርስዎ" የምትለውን ሰው ያን ቀን "አንተ" አለችው።

"አንተ ሰው፣ ደስ አለህ? ከአሥር አንድ ብለህ ነበር፤ አንዷንም ነሳሃት።"

ዶክተሩ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ቆመ። እሱም እንደዘወትሩ አልነበረም፤ "ወይዘሮ" የለ፣ "እርስዎ" የለ።

"ነጥቧን አይተው ፋይሏን ሊጥሉት ነበር" አለ። "ኢንተርቪው ትጠራ ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ላብ ውስጥ የሠራችውን አንብቤ፣ ይቺ ልጅ ነጥቧን አትመስልም ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ውሳኔው ስለወጣ እነግርሻለሁ። የመጨረሻው ስብሰባ ላይ ስሟን የሚያነሣላት ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሽማግሌ ልከሽ ከክፍሉ አስወጣሽኝ።"

እጅ መስጠት ግን የብርቅነሽ ነገር አይደለም።

"እና ያን ቀን በሰው ፊት ለምን አዋረድካት?"

"በሰው ፊት ስለጠየቅሽኝ ነዋ! ዕድሏ ጥሩ ነው ብል፣ ማግስቱን ከተማው ሁሉ 'ዶክተሩ ያስገባታል' አይልም? ወሬው እዚያ ቢደርስ ያኔውኑ ነበር የሚያስወጡኝ።"

"ዝም ማለት ትችል ነበር። አላውቅም ማለት ትችል ነበር። ሌላ ትማር ያልከውስ? እሱንም ሕጉ ነው ያስባለህ?"

ዶክተሩ ወደ መሬት አየ። "እሱን ባልል ይሻል ነበር" አለና መኪናው ውስጥ ገባ።

ብርቅነሽ እዚያው ቆማ ቀረች። ሰውየው ጥፋት የለበትም ብላ አታምንም፤ እስከ ዛሬም አታምንም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ የሱም አምልጦታል። ግን ቤት እስክትደርስ ንዴቷን የምታሳርፍበት ሰው ስትፈልግ፣ ዶክተሩን አየችው፣ ሚስቱን አየች፣ ጋሼን አየች፣ አጠገቧ እየነዳ ያለውን መዝገቡን አየች። አንዱም አልበቃትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እሷ ግን የምትለቅመው እንኳ አልቀረላትም፤ ያፈሰሰችውም የራሷን አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ወልደ ሥላሴ ደወሉ። "ልጃችንን መቼ ነው የምንመርቃት?" አሉ በደስታ። ማንም አልነገራቸውም። ብርቅነሽ አልሆነም አለቻቸው፤ ለምን እንዳልሆነ ግን ከአፏ አልወጣ አለ። በሰማንያ ዓመታቸው ቆመው የለመኑላትን ሰው በምን አንደበት ትንገራቸው። እሳቸውም አዘኑና፣ "ልጅቷ ከቤት ወጥታለች ሲሉም ሰምቻለሁ" አሉ። "ይኼስ ቀላል ነው። ሁለት ሰው ይዤ አርሊንግተን ልሂድና ላስታርቃችሁ።"

"ጋሼ" አለች ብርቅነሽ። ስልኩን በሁለት እጇ ነው የያዘችው። "እግርዎ ሥር ልውደቅ፣ አይሂዱብኝ።"

ስልኩን ዘግታ ቁልፏን አነሣች። ሃይዌይ ትፈራለች፤ አሥር ዓመት ሙሉ መዝገቡ ነው የሚያደርሳት። መዝገቡ ልንዳልሽ ብሎ ተነሣ። "ተቀመጥ" አለችው፣ ተቀመጠ። የጭነት መኪናዎቹ በግራ በቀኝ እያለፏት፣ የቀኙን ጠርዝ ይዛ፣ እየተሳደበች ደረሰች። ማንን እንደምትሳደብ ለራሷም ግልጽ አልነበረም።

ፀደንያ በሩን ከፈተች። እናቷን አላየቻትም፤ በትከሻዋ ላይ አሻግራ ፓርኪንጉን አየች።

"መኪናው ውስጥ ማን አለ?"

"ማንም የለም።"

"ጋሼ ወልደ ሥላሴ?"

"የሉም። ብቻዬን ነኝ። ራሴ ነድቼ ነው የመጣሁት።"

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። "ገና ተናድጃለሁ" አለች።

"እኔም ተናድጃለሁ።"

"በኔ?"

"ባንቺ በምን ልናደድ?"

"ኦኬ። ጫማሽን አውልቂ።"

አፓርትመንቱ ጠባብ ነው። ናኦሚ የለችም። ጠረጴዛው ላይ የፈተና መጽሐፍ ተከምሯል፣ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ የሰነበተ ሳህን ሞልቷል። ብርቅነሽ ሳህኑን አየችው፤ ዓይኗን አንሥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ዶክተሩ የነገረኝን ሰምተሻል?"

"ዳዲ ነግሮኛል።"

ብርቅነሽ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ስለ እናትነት፣ ስለ ድካም፣ ስለ ወገን። አንዱም አልመጣላት አለ። የመጣላት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

"አንቺ ስታስቢው፣ ስንት ነበር ዕድልሽ?"

ፀደንያ ቀና ብላ አየቻት።

"ከሁለት አንድ" አለች። "እሱ በነጥብ ብቻ አስልቶ ነው ያወራው። ኢንተርቪው ከጠሩት ሰው ግን ግማሹን ያህል ይወስዳሉ። እኔ ቆጥሬዋለሁ፣ ሁሉን አይቻለሁ። ያን ቀን መኪና ውስጥ ልነግርሽ ነበር እኮ ማሚ። ስለ ሽሮ ታወሪ ነበር።"

ብርቅነሽ ይህንን ዋጠችው። እንደ ትኩስ ድንች ወረደ።

"አሁንስ?"

"አሁን እንደገና። ፈተናውን እደግማለሁ፣ በጁን አመለክታለሁ። ዕድሌን አላውቀውም።"

"እኔ ምን ላድርግ?"

"ምንም።"

"እንዴት ምንም? የሆነ ነገር…"

"ምንም፣ ማሚ። ስልክ የለም፣ ዶክተር የለም፣ ሽማግሌ የለም፣ ስለት የለም።"

ስለቱን ተስላው ነበር፤ እሱን አልተናገረችም። "እሺ" አለች። እንደ ያኔው ፕሮሚስ አልነበረም። ከዚያ እግሯ ራሱ አስነሥቷት ዕቃ ማጠቢያው ጋ ሄደች፤ ቧንቧውን ከፍታ የመጀመሪያውን ሳህን አነሣች።

"ተዪው" አለች ፀደንያ።

"ሁለት ሳህን ናት፣ አሁን…"

"ማሚ፣ ተዪው።"

ብርቅነሽ ሳህኑን እነቆሻሻው መልሳ አስቀመጠችው። ቧንቧውን ዘጋች። እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና ተመልሳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።